«ተናገር» ከማለት በፊት፦ ብዙ የማይናገር ኦቲዝም ያለበትን ልጅ መግባባት ማስተማር

ልጅ መናገር ሲዘገይ ቤት ውስጥ የሚጀመረው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እማዬ በል እስቲ።» «ይሄ ምንድነው? ኳስ በል፣ ኳስ!» ልጁ ፊቱን ያዞራል። ወላጅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ልጁ ተነስቶ ይሄዳል። ከዚያ «እልኸኛ ነው እኮ፣ ቢፈልግ ይናገር ነበር» ይባላል።

ነገሩ የእልህ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ድምፅ ለማውጣት አፉንና ምላሱን ማቀናጀት ይከብደዋል። አንዳንዱ ደግሞ ቃል የሚባለው ነገር ሌላውን ሰው እንደሚያንቀሳቅስ ገና አልገባውም። በእኔ እይታ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። መቶ ቃል ቢሸመድድ እንኳ ማንም ጋ ሄዶ አይጠቀምባቸውም። ስለዚህ ሥራው ከአፍ አይጀምርም። መጀመሪያ ልጁ «ባሳይ፣ ባቀብል ወይም ድምፅ ባሰማ ሰው ይረዳኛል» የሚለውን ማወቅ አለበት።

ወላጆችን ሁሌ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ እዚሁ ላንሳው። ይናገር ይሆን? ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ወደ 30 ከመቶ የሚጠጉት ለትምህርት ደርሰውም የሚናገሯቸው ቃላት በጣም ጥቂት ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። በ4 ዓመታቸው ከባድ የንግግር መዘግየት የነበረባቸውን 535 ልጆች ታሪክ አየ። 70 ከመቶው በኋላ ቃላት አገጣጥመው መናገር ችለዋል፤ 47 ከመቶው አቀላጥፈው ተናግረዋል። አምስት ዓመት ሞላው ብሎ ተስፋ መቁረጥ ልክ አይደለም። ንግግር እስኪመጣ ብሎ ሌላውን መንገድ ሁሉ ማቆየትም ልክ አይደለም። የራበው፣ ያመመው፣ የፈራ ልጅ ዛሬም የሚነግረን ነገር አለው።

(ከዚህ በታች «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ለሴት ልጅም ያው ነው።)

1. መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ

ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ «ኦቲዝም ስላለበት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅም ግን የመስማት ችግር ሊኖርበት ይችላል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ብቻ እንኳ ድምፅን ያፍነዋል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሰምቶ መሮጡ ሁሉንም ድምፅ አጥርቶ ይሰማል ማለት አይደለም። ትእዛዝ የማይቀበል ትንሽ ልጅንም የሚለኩበት መሣሪያ ስላለ «አይተባበርም» ብላችሁ አትተዉት።

ቀድሞ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ፣ ወይም በየመሀሉ ፈዞ የሚቀር ልጅ ካለ ለሐኪም ቶሎ ንገሩ። የሚጥል በሽታ አለመሆኑ መታየት አለበት። የምላስ ክር ማጠር ግን የአንዳንድ ድምፆችን አወጣጥ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅን ከመግባባት አያግደውም። ክሩን በማስቆረጥ ቋንቋ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

2. አሁን በምን እንደሚነግራችሁ ጻፉ

አንድ ሳምንት ያህል ምንም ሳታስተምሩ ተመልከቱ። ደብተር ያዙና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን አደረገ፣ ምን ፈልጎ ነበር፣ እኛ ምን አደረግን። ለምሳሌ እጃችሁን ጎትቶ ፍሪጁ በር ላይ ያሳርፈዋል። ወይም ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ቴሌቪዥኑ ሲቀነስ ዝም ይላል። ወይም ጫማውን ያመጣና እግራችሁ ሥር ይጥለዋል።

«ምንም አይግባባም» የተባለ ልጅ ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩ ሞልቶ ይገኛል። እጅ መጎተትም መልእክት ነው። መሬት ላይ መንከባለልም መልእክት ነው፣ ለሁላችንም አድካሚ ሆኖ እንጂ። ሥራችሁ አዲስ ነገር ከባዶ መፍጠር አይደለም። አሁን ያለውን ይዛችሁ ትንሽ ግልጽ ወደሆነ መንገድ ማሻገር ነው።

ደብተሩ ሌላም ነገር ያሳያችኋል። ከብዙዎቹ መስመሮች ላይ ልጁ ምንም ሳይጠይቅ እናንተ ቀድማችሁ እንዳደረጋችሁለት ታያላችሁ። ውሃው ሳይጠማው ይቀርባል፣ በሩ ሳያንኳኳ ይከፈታል። ፍቅር ነው፤ ግን ልጁ የሚጠይቅበት ቦታ አልቀረለትም።

3. ለምን ሲል ይነሳል?

መግባባት የሚጀምረው ከፍላጎት ስለሆነ የሚወዳቸውን ነገሮች ዝርዝር አውጡ። እናንተ የምትፈልጉለትን አይደለም፤ እሱ የሚሮጥለትን። ፊደል የተጻፈበት ኩብ ሳይሆን የሳሙና አረፋ ሊሆን ይችላል። መኮርኮር፣ ዥዋዥዌ፣ ብስኩት፣ የሚሽከረከር ክዳን፣ አንድ ዘፈን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ መጨመቅ፣ ሁሉም ይሆናል። ሁለት ሁለት ነገር እያቀረባችሁ ወደ የትኛው እንደሚዘረጋ እዩ። ምርጫው በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ትናንት የሞተለት ብስኩት ዛሬ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ አንዴ ፈትሹ።

4. መጠየቂያ ምክንያት ፍጠሩለት

አሁን ቤቱን ትንሽ አመቻቹ። የሚወደውን ነገር የሚያየው ግን ብቻውን የማያገኘው ቦታ አድርጉት። ውስጡ የሚታይ፣ ክዳኑ የጠበቀ ዕቃ በጣም ጥሩ ነው። ልጁ ያያል፣ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ወደ ሰው ይዞራል። ያቺ መዞር ናት የምትፈለገው።

ሌሎችም አሉ። አረፋ ንፉና ክዳኑን ዝጉት። ብስኩቱን ሙሉውን ሳይሆን ቆርሳችሁ ስጡ። ዥዋዥዌውን ሦስቴ ገፍታችሁ በአራተኛው ያዙት። የለመደውን ዘፈን ዘምሩና የመጨረሻዋን ቃል ተዉለት። አንድ ጫማ ብቻ አድርጉለትና ሌላውን ያዙት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ጨዋታ ነው፤ ቅጣት መሆን የለበትም። የተራበን ልጅ፣ ውሃ የጠማውን ልጅ፣ ሽንት ቤት የቸኮለን ልጅ «መጀመሪያ ጠይቅ» እያሉ ማስጨነቅ ነውር ነው። ትምህርትም አይሆንም። ልጁ የሚማረው ሰው የሚባል ነገር በእሱና በፍላጎቱ መካከል የሚቆም መሆኑን ነው። ከተናደደ ልኩን አልፋችኋል ማለት ነው። ስጡትና በሌላ ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ሞክሩ።

5. ዝም ብላችሁ ጠብቁ

ከመመሪያው ሁሉ ይህ ቀላሉም ከባዱም ነው። ክዳኑ የተዘጋውን ዕቃ ከያዛችሁ በኋላ በሆዳችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ፊቱን እዩ፣ ቅንድባችሁን ከፍ አድርጉ፣ ምንም አትናገሩ። አብዛኞቻችን ሁለት ሳንቆጥር «ምን ፈለግክ? ልክፈትልህ? በል ክፈት በል!» ብለን እንረባረባለን። ልጁ የሰማውን ለማቀናበርና ምላሽ ለማዘጋጀት ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጨርስ ሦስተኛው ይመጣበታል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚመጣ ማንኛውም ነገር ይቆጠራል። አየት ማድረግ፣ ዕቃውን ወደ እናንተ መግፋት፣ እጃችሁን መንካት፣ «ኧ» ማለት። ወዲያው «ክፈት!» በሉና ክፈቱለት። ዓይን ለዓይን እንዲያያችሁ አታስገድዱት። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ዓይን ማየት እንደሚጨንቃቸው፣ ሳያዩ የበለጠ እንደሚሰሙ ራሳቸው ይናገራሉ።

10 ቆጥራችሁ ምንም ካልመጣስ? በጥቂቱ እርዱ። በመጀመሪያ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠብቁ። ካልሆነ ወደ ዕቃው ጠቁሙ። ካልሆነ ቃሉን አንዴ በሉ፣ ወይም ምልክቱን አሳዩ። በመጨረሻ እጁን ቀስ ብላችሁ ምሩት። እርዳታው በየጊዜው እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ልጁ እስክትረዱት መጠበቅን ይለምዳል።

6. ጥያቄ ቀንሱ፣ ዓረፍተ ነገር አሳጥሩ

«ይሄ ምንድነው? ቀለሙስ? ላም ምን ትላለች?» የሚሉት ጥያቄዎች ፈተና ናቸው። መልሱን እናውቀዋለን፤ ልጁም እንደምናውቀው ያውቃል። ታዲያ ለምን ይንገረን? በጥያቄው ፋንታ የሚያደርገውን ነገር ስም ጥሩለት። መኪና እየገፋ ከሆነ አጠገቡ ተቀመጡና «ሂድ... ሂድ... ቁም!» በሉ። እሱ ወደሚያየው ነገር እናንተ ሂዱ። እናንተ ወደምታዩት እሱን አትጎትቱት።

ለአረፍተ ነገር ርዝመት የሚረዳ አንድ ልክ አለ፦ ከልጁ በአንድ ቃል ብቻ ቅደሙ። ምንም ቃል ለሌለው ልጅ አንድ ቃል፣ «ውሃ»። አንድ ቃል ለሚል ልጅ ሁለት፣ «ውሃ ጨምሪ»። ይህ ማለት ቀኑን ሙሉ በቁርጥራጭ ቃላት ትናገራላችሁ ማለት አይደለም። በልምምዱ ሰዓት ነው። በሌላው ጊዜ እንደ ማንኛውም ልጅ አውሩት፤ የማይናገር ልጅ አይሰማም ብላችሁ ፊቱ ላይ ስለ እሱ አታውሩ።

በአማርኛ በተለይ የሚያጋጥም ነገር አለ። እናት «ውሃ ልስጥህ?» ትላለች፤ ውሃው ይመጣል። ልጁ በሌላ ቀን ሲጠማው «ልስጥህ» እያለ ይመጣል። አልተሳሳተም። ውሃ ሲመጣ የሚባለው እሱ ነዋ። መፍትሔው ቃሉን ከልጁ አፍ እንደሚወጣ አድርጎ መናገር ነው። «ውሃ ልስጥህ» ከማለት «ውሃ ስጪኝ» ብላችሁ ስጡት። ለጆሯችሁ ይገርማል፤ ትለምዱታላችሁ።

ሌላም ምክር ይሰጣል፦ «ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ካለ አንዱን ተዉ፣ ልጁ ይምታታበታል።» እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በዚያ ምክንያት የባሰ እንደሚዘገዩ አላሳዩም። እናት በማትመቻት ቋንቋ እየተንተባተበች ከምታወራው በአፏ በፈታችበት ብታወራው ይሻላል።

7. የሥዕል ካርድ መቀባበል

ይህ ከሁሉም ሰፋ ያለው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ቤት ተጀምሮ ግማሽ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። መሠረቱ ፔክስ የሚባለው ዘዴ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በአሜሪካ ዴላዌር የጀመሩት ነው። ሙሉው ስድስት ደረጃ አለው። ቤት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን በደንብ መሥራት ብዙ ያራምዳል።

*የሚያስፈልገው።* የሚወዳቸውን አምስት ስድስት ነገሮች በነጭ ጀርባ ላይ ፎቶ አንሱ። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርጋችሁ አትሙ፣ ካርቶን ላይ ለጥፉና ላሚኔት አድርጉ፤ ካልሆነ በሰፊ ፕላስተር ሸፍኑት። ይታኘካልና ትርፍ አዘጋጁ። ካርዶቹ የሚለጠፉበት ክላሰር፣ እንዲሁም ተለጥፎ የሚላቀቅ ቬልክሮ ያስፈልጋል። ፎቶ ማለት ምን እንደሆነ ገና ላልገባው ልጅ በዕቃ ጀምሩ፦ የአረፋው ክዳን ለአረፋ፣ ባዶው የብስኩት መጠቅለያ ለብስኩት።

*ካርድ መስጠት።* ሁለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከፊት ሆኖ አረፋውን ይይዛል። ሌላው ከልጁ ኋላ ይቀመጣል፤ እሱ አይናገርም። ካርዱ መካከል ላይ ይቀመጣል። ልጁ አረፋውን ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ ከኋላ ያለው ሰው እጁን ወደ ካርዱ ይመራዋል፣ ያስነሳዋል፣ ከፊት ባለው ሰው የተዘረጋ መዳፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ከፊት ያለው ያን ጊዜውኑ «አረፋ!» ብሎ ይነፋል። ማንም «ካርዱን ስጠኝ» አይልም። ማንም «ምን ትፈልጋለህ?» አይልም። ልጁ ራሱ እንዲጀምር ነው የምንፈልገው፤ ጥያቄ ጠብቆ እንዲመልስ አይደለም።

የኋላው ሰው እርዳታውን ከመጨረሻው ጀምሮ ይቀንሳል። መጀመሪያ መዳፍ ላይ ማስቀመጡን ለልጁ ይተዋል። ቀጥሎ ወደ ፊት መዘርጋቱን። በመጨረሻ ካርዱን ማንሳቱን። አንዳንድ ልጅ በአንድ ቀን ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይፈልጋል። ሁለተኛ ሰው ከሌላችሁ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይበቃል፤ ዝም ማለት ከቻለ።

*ርቀት።* ብዙዎች የሚዘሉት ይህ ነው። ልጁ ፊቱ ያለውን ካርድ መስጠት ስለቻለ «ገባው» ይባላል። ገና ነው። እናንተ አንድ እርምጃ ራቁ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ግቡ። ክላሰሩንም ራቅ አድርጉት። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሥራ ያዙ። ሄዶ ካርዱን አንስቶ፣ እናንተን ፈልጎ፣ ነክቶ የሚሰጥ ልጅ፣ ሰው መፈለግን ተማረ። ካርዱ ራሱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው።

*መለየት።* አሁን ሁለት ካርድ አድርጉ፤ አንዱ የሚወደው፣ ሌላው ግድ የማይሰጠው፣ ካልሲ ለምሳሌ። ልጁ የካልሲ ካርድ ከሰጣችሁ ካልሲ ስጡት። ሳትቆጡ። ፊቱን ሲያጨማድድ ወደ ሌላው ካርድ ጠቁሙና ድገሙት። ቀጥሎ ሁለቱም የሚወዳቸው ይሁኑ፣ ከዚያ ሦስት፣ አምስት።

*ሁለት ካርድ ማያያዝ።* በተራዘመች ካርቶን ላይ የነገሩን ካርድና «እፈልጋለሁ» የሚለውን ይለጥፋል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ዕቃዎች «እፈልጋለሁ»ን ከፊት ያደርጉታል። እኛ «አረፋ እፈልጋለሁ» ነው የምንለው፤ በምንናገርበት ቅደም ተከተል አድርጉት። ልጁ ካርቶኗን ሲሰጥ ጣቱን እያስኬዳችሁ አንብቡለት፤ «አረፋ...» ብላችሁ ቆይታችሁ ቀጥሉ። ቃል ካለው በዚያ ክፍተት ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። ባይልም አረፋው ይሰጠዋል።

ካርድ ቤት ውስጥ የሚሞተው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «እንዳይጠፋ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። አፉን ቆልፋችሁ እንዳስቀመጣችሁ ቁጠሩት፤ ልጁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሲያጠፋ ለቅጣት ይወሰድበታል። ይህ ጨርሶ አይደረግም። ሦስተኛ፣ ለምግብ ብቻ ይውላል፤ ልጁም ሆዱ ሲሞላ የሚለው ነገር ያልቃል። መኮርኮር፣ ወደ ውጭ መውጣት፣ ዘፈን፣ የሰዎች ፎቶ፣ እነዚህ ቶሎ ይግቡ።

አሁን የለም የሚባልበት ጊዜም ይመጣል። ሌሊት ዥዋዥዌ ቢጠይቅስ? ካርዱን ተቀበሉ፣ «ዥዋዥዌ ፈለግክ፣ ነገ» በሉና «ነገ» የሚል ቦታ ላይ ለጥፉት። ይናደድ ይሆናል። ግን መልእክቱ ደርሷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ልትከለክሉት የምትችሉትን ነገር ካርድ ከክላሰሩ አንሱት።

8. የቃላት ሰሌዳ

የመቀባበያ ካርድ ለመጠየቅ ጥሩ ነው። ሰው ግን ለመጠየቅ ብቻ አይናገርም። «እይ»፣ «ሄደ»፣ «ያማል»፣ «አስቀያሚ ነው» ማለትም ይፈልጋል። ለዚህ አንድ ገጽ ላይ ወደ 20 የሚሆኑ ሥዕሎች የያዘ ሰሌዳ ይረዳል። የስም ዝርዝር አታድርጉት። ብዙ ቦታ የሚሠሩ ቃላት ይብዙ፦ ሌላ፣ በቃ፣ እንቢ፣ እፈልጋለሁ፣ እርዳታ፣ ክፈት፣ ሂድ፣ ቁም፣ እይ፣ ያማል፣ የኔ። በአማርኛ «ስጠኝ» ለአባት፣ «ስጪኝ» ለእናት፣ «ስጡኝ» ለአያት ነው። ለጀማሪ ይህ ያስቸግራል። ስለዚህ እንደ «እፈልጋለሁ»፣ «ሌላ»፣ «በቃ»፣ «እርዳታ» ያሉ ለማንም ሲባሉ የማይለወጡ ቃላትን አስቀድሙ።

ሥዕሎቹ ከየት? አራሳክ የተባለው የስፔን የአራጎን ግዛት የሥዕል ስብስብ ኢንተርኔት ላይ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነፃ ይገኛል። ፎቶም ይሆናል። አንዴ ካደረጋችሁ የሥዕሎቹን ቦታ አትቀያይሩ፤ ጣት ቦታ ይለምዳል።

የሰሌዳው ምስጢር ይህ ነው፦ መጀመሪያ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ። እየተናገራችሁ ቁልፍ ቃሉን በጣት ንኩ። በሩን ስትከፍቱ «ክፈት»፣ ምሳ ሲያልቅ «በቃ»፣ ድመት ስትሮጥ «ሄደች» ብላችሁ «ሂድ»ን ንኩ። ልጁን «የታለ በቃ? አሳየኝ» አትበሉት። አትፈትኑት። ያያል፣ ይበቃል። የሚናገር ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል ይሰማል። ሰሌዳውን ለሦስት ቀን አሳይቶ «አልሠራም» ማለት ለዚህ ነው የማያስኬደው።

ታብሌት ላይ ሥዕሉ ሲነካ ድምፅ የሚያወጡ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ነፃ የሆኑም አሉ። አማርኛ ድምፅ ከሌለው የራሳችሁን ድምፅ መቅዳት የሚያስችለውን ምረጡ። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ቢቀዳለት ደግሞ የበለጠ የራሱ ይመስለዋል። ታብሌቱ ለቪዲዮም ከዋለ ልጁ መናገሪያነቱን ይረሳዋልና ለመግባቢያ ብቻ ቢለይ ጥሩ ነው። ባትሪ ያልቃልና የወረቀቱን ሰሌዳ አትጣሉ።

እዚህ ጋ ሁሉም ወላጅ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ሥዕል ካስለመድኩት መናገሩን አይተውም?» አይተውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በደንብ ቁጥጥር የተደረገባቸውን 27 ሰዎች ለይቶ ሲያይ፣ በሥዕል፣ በምልክት ወይም በመሣሪያ ምክንያት ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልተገኘም። 89 ከመቶው ላይ ንግግር ጨመረ። ጭማሪው በአብዛኛው ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆናቸው 61 ጥቂት ቃል ያላቸው ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። በጨዋታ ላይ የተመሠረተው ሕክምና ከመጀመሪያው ድምፅ አውጪ መሣሪያ ሲታከልበት ልጆቹ በራሳቸው ተነሳሽነት የበለጠ ተናገሩ። «ሁሉም ሲያቅት ሥዕል እንሞክራለን» የሚለው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

የእጅ ምልክትም ይሠራል። እጅን አይቶ መኮረጅ ለሚችል ልጅ «ሌላ» እና «በቃ» በምልክት ፈጣን ናቸው። ችግሩ ምልክቱን የሚያውቀው ቤተሰብ ብቻ መሆኑ ነው። ሥዕል ማንም ያነበዋል።

9. «እንቢ» እና «በቃ»ን አክብሩ

አብዛኛው ቤት «እፈልጋለሁ»ን ያስተምራል፤ «እንቢ»ን ይረሳል። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ የሚከራከረው ከማይፈልጋቸው ነገሮች ጋር ነው። ሳህን የሚገለብጥ፣ የሚነክስ፣ ጭንቅላቱን የሚመታ ልጅ ብዙ ጊዜ «በቃኝ» እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ካርና ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩትም ይህንን ነው። ልጆቹ አስቸጋሪ ጠባይ የሚያሳዩት ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አወቁ፤ ከዚያ ያንኑ ነገር በቃል እንዲጠይቁ ሲያስተምሯቸው ጠባዩ ቀነሰ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በክፍል 2 የያዛችሁት ደብተር ላይ ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደነበረ እዩ። ፀጉር ማበጠር ከሆነ፣ ሳይጮኽ በፊት፣ ገና ፊቱ ሲጨማደድ «በቃ» የሚለውን ካርድ አስነክታችሁ ማበጠሪያውን አስቀምጡ። በእርግጥ አቁሙ። ትንሽ ቆይታችሁ ትመለሳላችሁ። ልጁ «በቃ» ማለት እንደሚሠራ ሲያውቅ መንከስ አያስፈልገውም። በኋላ ቀስ እያላችሁ «አንዴ ብቻ፣ ከዚያ በቃ» ማለት ይቻላል። መድኃኒት ወይም የመኪና ቀበቶ ሲሆን ምርጫ የለም፤ እዚያ ላይ ካርዱን አታቅርቡ። «እርዳታ» እና «ያማል» ቀጥለው ይምጡ። የሚያመውን ቦታ መጠቆም የሚችል ልጅ ሐኪም ቤት ሲሄድ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የሰማውን ብቻ የሚደግም ከሆነ

ከማስታወቂያ፣ ከካርቱን፣ ወይም አሁን ካላችሁት ላይ ወስዶ የሚደግም ልጅ አለ። «ትርጉም የለውም» ብላችሁ አታስቁሙት። ብዙ ጊዜ ትርጉም አለው። አንድ ልጅ ወድቆ ሳለ «ተነስ፣ ምንም አልሆንክም» የተባለውን፣ በሌላ ቀን ሲያመው እሱኑ ይላል። መቼ እንደሚለው ጻፉና መልእክቱን መልሱለት፦ «አመመኝ።» ውሎ አድሮ ረጅሙን ሐረግ ይቆራርጠዋል።

እጅ ይዞ ማስጻፍ

ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይዞ፣ ወይም የፊደል ሰሌዳውን በእጁ አንጠልጥሎ ልጁን ረጃጅም አረፍተ ነገር ሲያስጽፍ ልታዩ ትችላላችሁ። ለወላጅ ልብ የሚነካ ነገር ነው። ግን በጥንቃቄ ሲፈተን ቃሉ የሚመጣው እጁን ከያዘው ሰው ሆኖ ተገኝቷል፤ ያዡ ራሱ ሳያውቀው። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳይሠራበት አሳስቧል። በካርዱ ላይ የምናደርገው እርዳታ ቶሎ የሚጠፋ ነው፤ ልጁ ብቻውን ያደርገዋል። እርዳታው ጨርሶ የማይጠፋ ከሆነ፣ ወይም እጁን የያዘው ሰው መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ልጁ መመለስ ካቃተው፣ የሚናገረው ልጁ አይደለም።

በቀን ውስጥ የት ይግባ?

ወንበር ላይ አስቀምጦ አንድ ሰዓት ማስተማር አያስፈልግም። አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ከሚደረገው ነገር ጋር። ልብስ ሲለብስ «ሌላ»፣ ገላ ሲታጠብ «ሌላ ውሃ» እና «በቃ»፣ በር ላይ «ክፈት»። ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። ምሳና ገላ መታጠብ ብቻ ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ሂዱ።

ቤት ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ያድርግ። እናት 10 ስትቆጥር አክስት ሳይጠየቅ የምታቀብል ከሆነ ልጁ ወደ አክስት ይሄዳል፤ እኛም ብንሆን እንሄዳለን። ለመምህሩና ለሞግዚቷ የካርዶቹን ቅጂ ስጡ፤ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉላቸው፦ ጠብቁ፣ ካርድ ሲሰጣችሁ ወዲያው ስጡት፣ «በል» አትበሉት።

የንግግር ቴራፒስት ካገኛችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ካላገኛችሁ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና አለ። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ሲሆን 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። በአካባቢያችሁ የሚሰጥ መሆኑን ጠይቁ።

መሻሻሉን በምን ታውቃላችሁ?

ቃላትን አትቁጠሩ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይረዳው፣ ራሱ የጀመረውን መልእክት ቁጠሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ መስመር አስምሩ፤ በካርድም ይሁን በጣት፣ በድምፅም ይሁን በእጅ። ሌላ ሁለት ነገርም ጻፉ፦ ለስንት የተለያየ ሰው፣ ስለ ስንት የተለያየ ነገር።

ቁጥሩ ለሁለት ወር ያህል ካልተነቃነቀ ልጁን ሳይሆን አሠራሩን ፈትሹ። የሚወደው ነገር ተቀይሮ ይሆን? ካርዱ የት ነው ያለው? እርዳታ እየቀነሳችሁ ነው ወይስ አሁንም እጁን ትመሩታላችሁ? ከእናንተ ሌላ ካርድ የሚቀበለው ሰው አለ? አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ከነዚህ አንዱ ላይ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ካልተለወጠ ከሥዕል ወደ ዕቃ፣ ወይም ከካርድ ወደ ታብሌት ቀይራችሁ ሞክሩ።